ሳሙናው ላይ ያለው ቁልፍ

ቁልፍ ቀራጩ ጃኬቱን ያወቀው በቀለሙ አይደለም፤ ሰማያዊ ጃኬት ስንቱ ለብሶታል። ያወቀው በዚፑ ነው። አምና ክረምት የዚፑ መያዣ ተገንጥሎ ልጁ ስትነጫነጭ፣ ከሱቁ ጥፍር የምታህል የሻንጣ ቁልፍ አምጥቶ በቀለበት አንጠልጥሎላት ነበር። «ይኸው፣ ከክፍልሽ በቁልፍ የሚከፈት ጃኬት ያላት አንቺ ብቻ ነሽ» ሲላት፣ እሷም እንደ ትልቅ ሰው ራሷን ነቅንቃ «ተረክቤያለሁ» አለችውና ተሳሳቁ። እንግዲህ ዛሬ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ያቺው የሻንጣ ቁልፍ በአንዲት በማያውቃት ተማሪ ደረት ላይ እየተወዛወዘች ሱቁ መስኮት ድረስ መጣች።

ተማሪዋ የቤት ቁልፍ ይዛለች። «አባባ፣ ከዚህ አንድ ይቅረጹልኝ፤ እናቴ ናት የላከችኝ» አለች። ቁልፍ ቀራጩ ለማንም የሚያነሳትን ጥያቄ አነሳ። «ባለቤቷ ታውቃለች?» አለና ከማሽኑ በላይ ወደ ተሰቀለው ካርቶን በአውራ ጣቱ አመለከተ። «ባለቤቱ በሌለበት ቁልፍ አይቀረጽም» ይላል ካርቶኑ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ጽ»ዋ ከሌሎቹ ፊደሎች ሁሉ ገዝፋ። የጻፈችው ልጁ ናት፣ አምስተኛ ክፍል እያለች። ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ባለቤቱ ማነው? መታወቂያ አለህ?» እያለች ስታፋጥጥ ሠፈሩ «አለቃ» የሚል ስም አወጣላት። አለቃ እንደተባለች አሥራ አንደኛ ክፍል ደረሰች። አባቷ ግን በዚህ ስም ከጠራት ስንት ጊዜ እንደሆነው ቢጠየቅ መልስ የለውም። ዛሬም ካርቶኑን በጣቱ እያሳየ፣ መልሱን ሳይሰማ ቁልፉን ተቀበለ። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራው እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ዓይኑ ከዚፑ ላይ አልነቀል ብሎታል።

«የቁልፉን ተይውና የጃኬቱን ባለቤት ንገሪኝ» አላት።

ልጅቱ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ተለዋወጠ። «የአለቃ አባት ነዎት እንዴ? እናቴ ትሙት አልወሰድኩባትም! ራሷ ናት የሰጠችኝ። ይበርደኛል ስላት አወለቀችና እኔ አይበርደኝም፣ ላንቺ ይሁን አለችኝ።» ቁልፍ ቀራጩ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ዚፑን ዳግም አየ። ልጅቱ ይባስ ፈርታ ያልተጠየቀችውን ሁሉ ዘረገፈችው፦ ለእሷ ብቻ አይደለም የሰጠችው፣ ካልኩሌተሯን አጠገቧ ለምትቀመጠው ሰጠች፣ የሥዕል ቀለሞቿን ከነሳጥኑ ለአንዲት ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሰጠች፣ ያቺን የምትወዳትን የእጅ ሰዓት እንኳ። «እኛማ ወደ ሌላ አገር ልትሄድ ነው ብለን ነበር» አለችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ አሁን ተሻላት?» ብላ ጠየቀች።

«ምኑ?»

«ሕመሙ ነዋ። ከትምህርት ቤት ከቀረች ሁለት ሳምንት አለፋት እኮ።»

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ የቀባላትን ዳቦ በላስቲክ ይዛ ከፊቱ ደረጃውን ወርዳለች። በዓይኑ በብረቱ አይቷታል። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም እንዲሁ። ግን አባት ነውና፣ ልጁ የት እንደምትውል የማያውቅ አባት ሆኖ በሰው ልጅ ፊት መቆም አልሆነለትም። «ተሽሏታል፣ ተሽሏታል» አለና ማሽኑን አስነሳ። የናሱ ብናኝ እጁ ላይ ተረጨ። ቁልፉን ሁለት ጊዜ አበላሽቶ በሦስተኛው አወጣው።

የእሱ ሱቅና የመስታወት ቆራጩ ሱቅ የሚለያዩት በአንዲት ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮ ማዶ ካለ ጎረቤት ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሳል እንኳ መደበቅ አይቻልም። ልጅቱ ዞር ከማለቷ መስታወት ቆራጩ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እንደሰካ ብቅ አለ። «ጆሮ ጠቢ እንዳትለኝ እንጂ ሰምቻለሁ» አለ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አራት ሴቶች ልጆች ስለዳረ ራሱን የሴት ልጅ ሊቅ አድርጎ ሾሟል። «ስማኝ ወንድሜ፣ ጃኬቷን የሰጠች ልጅ ሌላ ጃኬት የሚገዛላት አግኝታለች ማለት ነው። ሰዓት የሰጠች ሰዓት የሚያስርላት አለ ማለት ነው። ሂሳቡ ይሄው ነው፣ ምን ይዞርብሃል?» ቁልፍ ቀራጩ «ተወኝ በሞቴ» አለው። ይሁን እንጂ ሂሳቡ ዞሮበት አልነበረም። እሱ ራሱ ከሦስት ወር ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲያሰላው የከረመው ይህንኑ ነው።

መቼም ተጠራጣሪ ሰው ሥራ አይፈታም። ቁልፍ ቀራጩም አልፈታም። ልጁ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ከገበታ ስትነሳ፣ ውጭ በልታ ነው የመጣችው፣ ከማን ጋር በላች ይላል። ስልኳን በግንባሩ ደፍታ ስታስቀምጠው፣ ማን እንዳይታይ ነው ይላል። ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ ስትተኛ፣ ሌሊት ከማን ጋር ስታወራ አድራ ነው ይላል። ፀጉሯን ማበጠር ስትተው እንኳ፣ ሰው አይጠርጥረኝ ብላ ነው አለ፤ እንግዲህ ከዚህ ወዲያ መጠርጠር አለ? ደግሞ ያ መሳቢያ አለ። ከአልጋዋ አጠገብ ያለችው የጥናት ጠረጴዛ አንድ መሳቢያ አላት። ከሦስት ወር ወዲህ ትቆልፈዋለች፤ ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራለች። ምን ሆነሻል ብሎ ያልጠየቃት እንዳይመስላችሁ። ጠይቋታል። «ደብሮኛል» ትለዋለች። ደብሮኛል! ማን የማይደብረው አለ? ታክሲ የቆየበት ይደብረዋል፣ ኳስ የተሸነፈበት ይደብረዋል፣ ደመና ያየ ሁሉ ደበረኝ ነው የሚለው። «እኔንም ደብሮኛል፣ ግን እሠራለሁ» ብሎ ይመልስላታል። ቀጥሎ ሌላ መልስ መጣለት። «ውጪና ተናፈሺ።» ከዚያም ሦስተኛ። «ተነሽና ዕቃ እጠቢ።» በኋላ ልጅቱም መናገሩን ተወችው፣ እሱም መጠየቁን።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው እጁ ያመለጠው። ልጁ ተኝታለች፤ ቁልፉ ከአንገቷ ወልቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እናቷ ሥራ ናት። እርግጥ ነው፣ እንዲያ ያለ የመሳቢያ ቁልፍ ለእሱ በአንዲት ሽቦ፣ ዓይን ጨፍኖ የሚከፈት ነገር ነው። ግን በሽቦ የሚከፍት ሌባ ነው፤ በቁልፍ የሚከፍት ግን የቤት ሰው ነው ብሎ ለራሱ አስረዳ። ራሱን ሲያስረዳ ጎበዝ ነው። ከመታጠቢያው ላይ አረንጓዴውን ሳሙና አነሳ። እናቷ ለፊቷ ብጉር ብላ የገዛችላት፣ ከእሷ በቀር ማንም የማይነካው ሳሙና ነው። እርጥብ ስለነበር ቁልፉን አንዴ ጫን ሲያደርገው ጥርሱ እያንዳንዱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ቁልፉን ጠርጎ ቦታው መለሰ፤ ሳሙናውን በመሐረብ ጠቅልሎ ሱቅ ሄደ። ቀረጸ፣ ሞረደ፣ ማታ ሲገባ ሳሙናውን ከነቁልፉ ምስል ማስቀመጫው ላይ መለሰው። ሁለት ቀን ብትታጠብበት ይጠፋል አለ። ከዚያ ወዲህ አራት ቀን ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ አንድም ቀን አልተጠቀመበትም። ፈራ። የሚያገኘውን ነገር ካገኘው በኋላ እንዳላገኘ መሆን አይችልማ።

ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ዘበኛው መታወቂያውን ተቀብሎ በሚያቃጭል ድምፅ «የማን ወላጅ?» አለው። ስሟን ሲነግረው ዘበኛው አሰበ፣ አሰበና «እሷን ልጅ አላውቃትም፤ እኔ የማውቀው የሚረብሹትን ነው» አለ። የመምህራኑ ክፍል የጠመኔና የወለል ማጽጃ ሽታ ተቀላቅሎበታል። የክፍል ኃላፊዋ፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች የጂኦግራፊ መምህርት፣ ስም መቆጣጠሪያውን ልታወጣለት ከብረት ሳጥኑ ቁልፍ ጋር ትታገል ጀመር። «ይሄ ደግሞ እንደ እኔ አርጅቷል» አለች። ቁልፍ ቀራጩ ሰው ቁልፍ ሲያስጨንቅ ቆሞ ማየት አይሆንለትም። «ይፍቀዱልኝ» ብሎ ተቀበላት፣ ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አንስቶ የቁልፉን ጥርስ በእርሳሱ ጥቁረት ደህና አድርጎ ቀባው፣ አስገብቶ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲለው ወዲያው ተከፈተ። መምህርቷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

መቆጣጠሪያው ላይ በልጁ ስም ትይዩ አሥራ አንድ ቀይ ነጥብ ተደርድሯል። «ቤት ደውለን ነበር እኮ» አለች መምህርቷ። «እናቷ አነሱና አሟት ነው አሉን።» ቁልፍ ቀራጩ ጆሮውን ማመን አቃተው። እናቷ! ታዲያ ስንት ሰው ነው በእሱ ላይ የተማከረው? ቤቱ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀውን የማያውቅ እሱ ብቻ ነው ማለት ነው? ፊቱ ጠቆረ። እንዲህ ሆኖ «እባክዎ አይደብቁኝ፣ ከማን ጋር ነው የምትውለው?» ሲላት፣ መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ አተኩራ አየችውና መልስ ሳትሰጠው አንድ ወረቀት ከሳጥኑ አወጣች። ፈተና ነው። ከላይ የልጁ ስም፣ ክፍልና ቁጥር በዚያ በሚያውቀው ክብ ክብ ፊደል ተጽፏል፤ «ጽ»ዋ አሁንም ትገዝፋለች። ከዚያ በታች ምንም የለም። ሁለት ገጽ ሙሉ ምንም። «አንድ ሰዓት ከግማሽ ተቀምጣ ስሟን ብቻ ጻፈች» አለች መምህርቷ። «አልኮረጀችም፣ አላወራችም፣ አልተንቀሳቀሰችም። እውነቱን ልንገርዎ? እኔም ጸጥተኛ ልጅ ናት እያልኩ ደስ ብሎኝ ነው የከረምኩት። ስልሳ ሁለት ተማሪ ሲኖርዎት ዝም ያለውን ያመሰግኑታል እንጂ አይጠረጥሩትም።»

ቀጥላ «ቤት ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ምን ትላለች… ምንም። ደበረኝ ትላለች። እንግዲህ ማን የማይል አለ?»

«እሱ ነው መከራው» አለች መምህርቷ። «ሁሉም ስለሚለው የእውነቱን የሚለውን የሚሰማው የለም። ድብርት እኮ ሕመም ነው፤ ሐኪም የሚያየው። ስሙ ከቀልዳችን ጋር አንድ ሆኖበት ነው እንጂ።» «ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ልጅ ነበረችን። እሷም ዕቃዋን ለጓደኞቿ ማደል ጀምራ…» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም። መነጽሯን አወለቀች። የወረቀት ቁራጭ ላይ የሠፈሩን ሆስፒታልና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን ቁጥር ጻፈችለት። «እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ናቸው። ነገ አይበሉ። ዛሬ ይዘዋት ይሂዱ።»

ከግቢው ሲወጣ ለሚስቱ ደወለ። ሚስቱ የምትሠራው ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነው፤ ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድም፤ አራት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። ከደቂቃዎች በኋላ ከመተኮሻው ክፍል፣ የእንፋሎቱ ድምፅ ከኋላዋ እየነፋ፣ መልሳ ደወለች። «ልጅሽ የት ነው የምትውለው?» አላት፣ ሰላምታ የለ ምን የለ። «ቤት ናት» አለች። «እኛ እስክንወጣ ከታች ደረጃው ሥር ትቆምና ተመልሳ ገብታ ትተኛለች። የረሳሁትን ልወስድ ተመልሼ ነው ያገኘኋት። ደም አንሷት ይሆናል ብዬ ቫይታሚን ገዛሁላት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልንገርህና ምን ልታደርግ? ሰው ፍለጋ ልትወጣ? አንተ ልጅቷን ምን ሆንሽ ከማለት ማን ነው ማለት ይቀልሃል።» ከዚያም ድምጿ ቀጠነ። «እኔም ፈርቼ ነው። ብጠይቃት ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ።» ቁልፍ ቀራጩ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ጣቶቹ የተቀረጸውን ቁልፍ ይዘዋል። «ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቂን» ብቻ አላት።

የሚገርመው ነገር፣ ይህን ሁሉ ሰምቶም ጥርጣሬው አለቀቀውም። የመምህርቷ ወረቀት በአንድ ኪሱ፣ ቁልፉ በሌላው፣ የመስታወት ቆራጩ ሂሳብ ደግሞ በራሱ ውስጥ ሆኖ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ባዶ ቤት፣ ብቻዋን? ብቻዋን ባትሆንስ? እንዲያውም ሰው ቢገኝ ይሻላል እኮ! አንድ ጎረምሳ ቢገኝ፣ አንገቱን አንቆ ከደረጃው ወርውሮት፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህን ሲያስብ ደንገጥ አለ። ሰው ይገኝ ብሎ እየጸለየ ነው እንዴ? አዎ፣ እየጸለየ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ በጣቱ ጫፍ ቆሞ፣ የገዛ ቤቱን በር እንደ ባዕድ ቤት ያለ ኮሽታ ከፈተ።

ከበሩ ሥር ጫማ የለም፤ የእሷም፣ የሌላ ሰውም። መጋረጃው ተዘግቷል። ማቀዝቀዣው ብቻ ያንጎራጉራል። ጠዋት የቀባላት ዳቦ ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የመኝታ ክፍሏ በር ገርበብ ብሏል፤ ገፋ አደረገው። ልጁ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ዩኒፎርሟን አላወለቀችም። ጫማዋንም አላወለቀችም፤ ክሩ እንደታሰረ ነው። ቦርሳዋ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ጋደም ብላ፣ አንዱ ማንገቻ ብቻ ወልቆ፣ እዚያው ቀርታለች። ከአልጋው ሥር አየ። ከበሩ ኋላ አየ። ሰው የለም። ማንም የለም። እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ያለች አትመስልም።

ቁልፉን ያወጣው ያን ጊዜ ነው። አንድ መልስ የሆነ ቦታ መኖር አለበት፤ እዚህ ቤት ውስጥ ደግሞ የተቆለፈው መሳቢያው ብቻ ነው። ተንበርክኮ አስገባው። የሠራው ሥራ ጥሩ ነበርና ያለ ድምፅ ዞረ። ሳበው። ደብዳቤ ጠበቀ፣ የወንድ ፎቶ ጠበቀ፣ የማያውቀውን ነገር ሁሉ ጠበቀ። መሳቢያው ባዶ ነው። እስከ ጥጉ ሳበው፤ ባዶ ነው። እጁን ሰድዶ ጀርባውን ዳበሰ፤ የእንጨቱ ብናኝ ጣቱ ላይ ቀረ። አንዲት ቁራጭ ወረቀት፣ አንዲት መርፌ እንኳ የለችም። ተንበርክኮ እንዳለ እየደጋገመ አየው፤ ባየው ቁጥር ያው ነው።

«ከፈትከው?» አለ ከኋላው ድምፅ።

ዞር አለ። ልጁ አልተነሳችም፤ ፊቷን ብቻ መልሳለች። ዓይኗ ቀይ አይደለም፣ እንባ የለበትም፤ ደረቅ ነው። እሱ እንደ ሌባ ቁልፉን እጁ ውስጥ ጨበጠው። ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ግን «ባዶ ነው» አለ ሞኝ ሆኖ።

«አዎ።»

«ባዶ ከሆነ ለምንድነው የምትቆልፊው?»

«ባዶ መሆኑን እንዳታዩ ነዋ» አለች። «የተቆለፈ ከሆነ የሆነ ነገር ያለኝ ይመስላል።»

ቁልፍ ቀራጩ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በአሥራ ስድስት ዓመት ስንት በር፣ ስንት ሳጥን፣ ስንት የሞተ ሰው ቁም ሣጥን ከፍቷል፤ እንደዚህ ያለ ነገር ከፍቶ አያውቅም። «ዕቃሽን ለምን ሰጠሽ?» አላት። አያስፈልገኝም ብዬ ነው አለችው። ለምን አያስፈልግሽም ሲላት ዝም አለች። ይህን ዝምታ እንደ ሌላው ጊዜ ማለፍ ይችል ነበር። ውጪና ተናፈሺ ማለት ይችል ነበር። ግን የመምህርቷ ያላለቀ ዐረፍተ ነገር ጆሮው ላይ ነበርና፣ አባት ልጁን ይጠይቃል ተብሎ የማይታሰበውን ጥያቄ ጠየቃት። «ልጄ፣ መሞት ፈልገሽ ነው?»

ማቀዝቀዣው አንጎራጎረ፣ ተወ። «አንዳንዴ ስተኛ፣ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ» አለች። «ደብሮኛል አባዬ። ስንቴ ነገርኩህ።»

«ነግረሽኛል» አለ። እንባው ያለ ምንም ድምፅ ወረደ፤ አልጠረገውም። ሁልጊዜ የሚመልሳቸው መልሶች አንድ በአንድ ትዝ አሉት፤ አንዳቸውንም አፉ ላይ ማምጣት አስጠላው። እናም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለዚያች ቃል መልስ ሳይሆን ጥያቄ ሰጣት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

እሷም ነገረችው። እንደ ታሪክ አይደለም፤ ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን፣ ወደ ጣሪያው እያየች። የምግቡ ጣዕም መጀመሪያ እንደጠፋ፣ ከዚያ ሥዕሉ፣ ከዚያ የጓደኞቿ ሳቅ ከሩቅ ቤት የሚሰማ ሬዲዮ እንደመሰላት። ፊደሎቹ ሁሉ የምታውቃቸው ሆነው ቃል አልሆን እንዳሏት። እሱ አላቋረጣትም። የጫማዋን ክር እየፈታ፣ ጫማዋን አውልቆ እግሯን በእጁ ይዞ አዳመጠ፤ እግሯ ቀዝቅዟል። ስትጨርስ ወረቀቱን አሳያት። «እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ናቸው። እናትሽ በር ላይ ትጠብቀናለች። እኔ ሕመም መሆኑን አላወቅኩም ነበር፤ አሁን አወቅኩ። እንሂድ፣ አለቃ።»

አለቃ ሲላት ክንዷን ተመርኩዛ ቀና አለች። «ፊቴን ልታጠብ» ብላ ተነሳች። ብቻዋን ሊተዋት አልቻለምና ተከትሏት የመታጠቢያው በር ላይ ቆመ፤ እሷም አልከለከለችውም። ውሃውን ከፍታ ከማስቀመጫው ላይ አረንጓዴውን ሳሙና አነሳች። ቁልፍ ቀራጩ ዓይኑን ሊሰብር ፈለገ፤ ከዚያ ግን አንድ ነገር አየ። ሳሙናው በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ፣ ስስ ሆኖ፣ ወደ ውስጥ ጎድጉዷል። በሌላው በኩል የቁልፉ ምስል፣ ጥርሱ እያንዳንዱ፣ እሱ ቅዳሜ እንደተወው ቁልጭ ብሎ አለ። አራት ቀን ሙሉ።

«አየሽው?»

«የዛኑ ቀን ማታ ነው ያየሁት» አለች። ሳሙናውን በዚያ በተበላው በኩል እያሸች ነው፤ ምስሉን መዳፏ እንዳይነካው በሁለት ጣት ጠርዙን ይዛለች። «ቁልፌም ላይ አረንጓዴ ነገር ነበረበት። ደህና አድርገህ አልጠረግከውም።»

«ታዲያ ለምን አልጮህሽብኝም? ለምን አልጣልሽውም?»

ልጁ ፊቷን ታጥባ፣ ውሃው በአገጯ እየተንጠባጠበ፣ ሳሙናውን ምስሉን ወደ ላይ አድርጋ ማስቀመጫው ላይ መለሰችው። «ደስ ብሎኝ ነው» አለች። «እየፈለግከኝ ነው ብዬ። ዛሬ ይከፍተዋል፣ ዛሬ ይከፍተዋል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።»

ቁልፍ ቀራጩ የናስ ብናኝ የሞላበትን የሥራ ካፖርቱን አውልቆ አለበሳትና፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈላት።